ወርቂትን የሚጠብቅ ልቦለድ

የታሪክ ልቦለድን የምወደው ዜና መዋዕል በአንድ መስመር ያለፈውን ሰው ልቡን ከፍቶ ስለሚያሳየኝ ነው። በብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ም ሆነ በአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ዐፄ ቴዎድሮስ ሥጋና ደም ለብሰው ይመጣሉ። ለመካነ ሰላምና ለአካባቢው ደጋ አንባቢ ደግሞ የቴዎድሮስ ምሽግ የነበረው መቅደላ የገዛ ወሎው አምባ ነው።

ልቦለድ የሚጠብቅ አንድ ታሪክም ከዚሁ አምባ ይነሣል። በ1857 ዓ.ም. በቴዎድሮስ ተይዘው የነበሩት ወጣቱ የሸዋ ልዑል ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው የወሎዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት ዘንድ ደረሱ። የወርቂት ልጅ በቴዎድሮስ እጅ እስረኛ ነበር። ምኒልክን አሳልፎ መስጠት ልጅን የማስመለስ ተስፋ ነበረው፤ ነገር ግን ልጃቸው ተገደለ። ልጃቸው ተገደለ።

እናትነትና ገዥነት እንዲህ የተፋጠጡበት ታሪክ ለልቦለድ የተሰጠ ጸጋ ነው። ደራስያን ሆይ፣ ወርቂትን ጻፉልን፤ አንባቢም ልጆቹን ከወርቂት ስም ጋር ያስተዋውቅ።