ጆሮ መንካት ምን ይለካል?

እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ትምህርት ቤት የገባሁት ቀኝ እጄን በአናቴ ላይ አሳልፌ ግራ ጆሮዬን ነክቼ ነው። የልደት ወረቀት ለሌለው ልጅ ብልሃት ይመስላል። እንግሊዞችም ተመሳሳይ ጣጣ ነበረባቸው። የ1833ቱ (እ.ኤ.አ.) የፋብሪካ ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳይሠሩ ሲከለክል ዕድሜን የሚመሰክሩት ሐኪሞች የልጁን አካል አይተው ነበር። በቁመት ይለይ የሚሉም ነበሩ። በ1837 ኤድዊን ሳንደርስ የተባለ የጥርስ ሐኪም ከቁመት ጥርስ ይሻላል ብሎ ተከራከረ።

የሚገርመው፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ቪለርሜ ቁመት ከኑሮ ጋር እንደሚሄድ በ1829 ጽፎ ነበር!

መሐንዲስ ነኝና ልናገር፤ ሁለት ነገር ደባልቆ የሚለካ መሣሪያ ንባቡ አይታመንም። ክንድ ዕድሜንም ረሃብንም ይለካል። በአንድ ዓመት የሚበልጠኝ የሰፈሬ ልጅ ክንዱ አልደርስ ብሎ ሁለት ጊዜ «ለከርሞ ና» ተብሏል። እኔ በልቼ ያደግሁት ቀድሜው ገባሁ። ድህነቱን የሚመሰክርለት ቁመት የትምህርት በር ዘጋበት። ቤታቸው ምን ይበላል ብሎ የጠየቀ መምህር አልነበረም።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ተማሪ የመሆኛ ዕድሜያቸው ላይ ናቸው።