ተስፋ የተቆረጠበት ጊዜ፤ የዳንኤል ሜይንስ የጅማ ጥናትና የወጣቶች ሥልጠና ዕቅዶቻችን

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመውሰድ ከቀረቡት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ተፈታኞች ዘንድ ደግሞ ይኸው መጠን 3.2 ከመቶ ሆነ። ስለ ፈተናው አሰጣጥና ስለ ትምህርቱ ጥራት ብዙ ስለ ተባለ ይህ ጽሑፍ ወደዚያ ክርክር አይገባም። ከወደቁት ከፊሉ በማካካሻ ትምህርት በኩል እንደገና ዕድል ማግኘታቸውም የታወቀ ነው። የቀሩት አብዛኞቹ ግን የተመለሱት ወደ ወላጆቻቸው ቤት፣ ወዳደጉበት ሰፈርና ወደሚያውቃቸው ጎረቤት ነው። እነዚህን ወጣቶች በየአካባቢያቸው ወደ ትምህርት፣ ወደ ሥልጠና ወይም ወደ ሥራ ለመመለስ የሚዘጋጁት ዕቅዶች ስለ ወጣቶቹ ቁጥር ብዙ ይናገራሉ፤ ከጧት እስከ ማታ ምን እንደሚሠሩ፣ ማንን እንደሚያፍሩና ምን እንደሚጠብቁ ግን ከቶ አይገልጹም። ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ መኖሩን አስታውሶ፣ የሚጠቅመንንና የማይበቃንን ለይቶ ማሳየት የዚህ ሂስ ዓላማ ነው።

መጽሐፉ አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር ዳንኤል ሜይንስ በጅማ ከተማ ባካሄዱት ጥናት ላይ ተመሥርተው የጻፉትና በ2012 እ.ኤ.አ. ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተመው ነው። አርእስቱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ተስፋ ተቆርጧል» የሚል ይሆናል። በእርግጥ መመለስ ሳይሆን ወደ ቤቱ ማስገባት ነው፤ ደራሲው ቃሉን የወሰዱት «ተስፋ መቁረጥ» ከሚለው የራሳችን አነጋገር ነውና። ጥናቱ በአብዛኛው የተካሄደው በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማይቱም አገሪቱም ብዙ ተለውጠዋል፤ መጽሐፉ የሚገልጸው ሁኔታ ግን ከአብዛኞቹ ከተሞቻችን ገና አልጠፋም።

በቅድሚያ ስለ ስያሜ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አማርኛ «ሥራ ፈት» የሚለውንና «ሥራ አጥ» የሚለውን ይለያል። የመጀመሪያው ጠባይን ይነቅፋል፤ ሁለተኛው ዕጦትን ይገልጻል። በቅርብ ዓመታት በቀበሌ መዝገቦች ላይ የምናየው «ሥራ ፈላጊ» የሚለው ቃል ደግሞ ሁለቱንም ትቶ ወጣቱ በየዕለቱ ሥራ ሲፈልግ የሚውል አድርጎ ያቀርበዋል። የሜይንስ መጽሐፍ ዋና ጥቅሙ በእነዚህ በሦስቱ ቃላት መካከል ያለውን ሕይወት መመርመሩ ላይ ነው። የጅማ ወጣት ሁልጊዜ ሥራ ሲፈልግ የሚውል አልነበረም፤ ሰነፍም አልነበረም፤ ይጠብቅ ነበር። የመጠበቅም ሥርዓት ነበረው፤ ጧት በከተማው መዘዋወር፣ ከቀትር በኋላ ከጓደኞች ጋር ጫት መቃም፣ ማታ ወደ ቪዲዮ ቤት መሄድ። ገንዘብ ማጣቱ እንዳለ ሆኖ፣ የወጣቱ ከባድ ሸክም የማያልቅ ጊዜ ነበር ይላሉ ደራሲው። ይህ አባባል ለአስተማሪ እንግዳ አይደለም። ትምህርት ቤት ለ10 ወይም ለ12 ዓመት የልጁን ቀን በደወል ሲከፋፍልለት ኖሮ አንድ ቀን ደወሉን ያቆምበታል።

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ከሁሉ ይበልጥ ሊያከራክር የሚገባው ነጥብም ከዚሁ ይነሣል። ደራሲው እንደሚያስረዱት ትምህርት ወጣቱን የሰጠው ዕውቀትን ብቻ አይደለም፤ ሕይወት ከደረጃ ወደ ደረጃ የምትወጣ ናት የሚል አሳብም ነው። ከ7ኛ ወደ 8ኛ፣ ከ8ኛ ወደ 9ኛ የተዛወረ ልጅ፣ ቀጥሎ ደግሞ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ትዳር፣ ከትዳር ወደ ከበሬታ መዛወር አለበት ብሎ ያምናል። በአባቶቹ ዘመን መንግሥት የተማረውን ሁሉ ይቀጥር ስለ ነበር እምነቱ መሠረት ነበረው። ፒተር ሰርኔልስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በ2007 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል፤ በከተሞቻችን ሥራ አጥነት የበረታው በደኅና በተማሩትና የመንግሥት ሥራን በሚጠብቁት ዘንድ መሆኑን፣ የመጠበቂያው ጊዜም በአማካይ ወደ 4 ዓመት የሚጠጋ እንደ ነበረ አሳይተዋል። እንግዲህ ወጣቱ ከትምህርት ተለይቶ ቤት መቀመጡ ትምህርት ቤት ያስተማረውን ከመርሳቱ የመጣ አይደለም። ያስተማረውን አምኖ በመጠበቁ የመጣ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የይሉኝታ ጉዳይ ነው። ደራሲው ቃሉን ሳይተረጉሙ በአማርኛው ይጠቀሙበታል፤ ትክክልም አድርገዋል። በተወለደበት ሰፈር ሊስትሮ ሆኖ መቀመጥን ወይም ዕቃ መሸከምን የሚሸሽ ወጣት፣ የዲቪ ዕጣ ቢደርሰውና አሜሪካ ቢገባ ማናቸውንም ሥራ ከመሥራት ወደኋላ እንደማይል ሲናገር እንሰማዋለን። በዚያ የሚያውቀው የለምና። ስለዚህ የሚከለክለው ሥራው ራሱ ሳይሆን ሥራው በእርሱና በጎረቤቶቹ መካከል የሚያመጣው ለውጥ ነው። የሚመገበው ከእናቱ ቤት፣ ለጫትና ለሻይ የሚሆነውን የሚያገኘው ከጓደኛው ኪስ፣ ነገ ሥራ ቢገኝ የሚጠቁመው ዘመዱ ነው። ክብሩን ካጣ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ያለው ግንኙነት ይናጋል። ሂሳቡን በትክክል ላሰላው ሰው፣ በቀን የሚገኘው ጥቂት ብር ይህን አይተካም።

በየከተማው ለወጣቶች የሚሰጠው «የአመለካከት ለውጥ» ሥልጠና ሊመረመር የሚገባው በዚህ አንጻር ነው። ወጣቶች በአዳራሽ ተሰብስበው ሥራን መናቅ ጎጂ መሆኑ ለጥቂት ቀናት ይነገራቸዋል፤ አሠልጣኙም የወር ደመወዝተኛ ነው። ወጣቱ ግን ሥራን አልናቀም፤ ሥራን የሚንቅ ሰፈር ውስጥ ይኖራል። አመለካከቱ መለወጥ ያለበት ሰፈሩ ሆኖ ሳለ ወጣቱን ብቻ ለይቶ ማሠልጠን ትርፉ ምንድን ነው? በእኔ ግምት ለዚህ ጉዳይ ከአዳራሹ ይልቅ የዕድር ስብሰባ ይቀርባል። የወላጆች ዕድር ድንኳኑን የሚያስፋው ለማን ነው? ወንበሩን የሚያስጠግነው የት ነው? የማን ልጅ የሠራውን ይገዛል? ይሉኝታ የሚፈታው በተቋጠረበት ቦታ ነውና እነዚህ ጥያቄዎች እንደ ቀላል ሊታዩ አይገባም።

«በአካባቢ» የሚለው ቃል በዕቅዶቻችን ውስጥ ያለ ምንም ማመንታት እንደ በጎ ነገር ይነገራል። የጅማው ጥናት ግን አካባቢ ሁለት ገጽ እንዳለው ያሳያል፤ የሚያበላና የሚያሳድር እርሱ ነው፤ የሚያሳፍርም እርሱ ነው። ይህ እንዴት ሊቃለል እንደሚችል ከታየባቸው ሙከራዎች አንዱ የኮብልስቶን ሥራ ነው። ሜይንስ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሁለተኛ መጽሐፋቸው ይህንኑ አንሥተዋል። ድንጋይ መጥረብ ከመሸከም የቀለለ ሥራ አይደለም። ሆኖም ብዙ ወጣቶች፣ ከኮሌጅና ከዩኒቨርሲቲ የወጡም ጭምር፣ ገቡበት። ሥራው በማኅበር የተደራጀ ነው፤ ሥልጠናና ምስክር ወረቀት አለው፤ ውል የሚሰጠው የከተማው አስተዳደር ነው፤ ከሁሉም በላይ የሠሩት መንገድ ጎረቤት በየቀኑ የሚረግጠው ነው። ሰፈሩ ሊንቀው የማይችል ሥራ ሆነ ማለት ይቻላል። ጉድለቱ በገዥው በኩል ነበር። ገዥው አንድ ብቻ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤት ስለ ሆነ፣ በጀቱ ሲያልቅ ወይም መንገዱ ሲነጠፍ ሥራው ቆመ። መንገድ ያነጠፈ ወጣት በዚያ ሙያ ሌላ ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ያሰበለት አልነበረም።

በአዲስ አበባ የጎዳና ሕይወት ላይ ጥናት ያካሄዱት ማርኮ ዲ ኑንዚዮ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ከዚህ የጠነከረ ክስ ያቀርባሉ። ለድሃ ወጣቶች የተዘጋጁት የማደራጀትና የሥራ ፈጠራ ዕቅዶች ወጣቶቹን ወደ ላይ ከማውጣት ይልቅ በነበሩበት ደረጃ አጽንተው አቆይተዋቸዋል የሚል ነው። መኪና ጠባቂው በማኅበር ተደራጅቶ መኪና ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። ክሱ በሁሉም ላይ እኩል ይሠራል ብዬ አላምንም፤ ከጎዳና ላይ የማይጨበጥ ገቢ ወደ መዝገብና ወደ ቁጠባ መሻገር ራሱ ቀላል ነገር አይደለምና። ነገር ግን ሥልጠና አቅራቢው አካል ራሱን ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ በግልጽ አስቀምጧል። ይህ ሙያ ከ3 ዓመት በኋላ ወዴት ያደርሳል?

አሁን ወደ ሜይንስ መጽሐፍ ድክመት እንመለስ። አንደኛውና ትልቁ፣ መጽሐፉ በዋነኛነት የወንዶች መጽሐፍ መሆኑ ነው። በመንገድ ዳር የሚቆመውና ጫት ቤት የሚገኘው ወንዱ ስለ ሆነ ተመራማሪው ያገኙት እርሱን ነው። ከትምህርት ወጥታ ቤት የተቀመጠችው እኅቱ ጊዜ አልበዛባትም፤ ውኃ ትቀዳለች፣ ታበስላለች፣ ታናናሾቿን ትጠብቃለች። «ሥራ ፈት» የሚላት የለም፤ ሥራ አላት የሚልም የለም። ለእርሷ የጊዜ መብዛት የሚለው ማስረጃ አይሠራም። መውጫዋም ሌላ ነው። ከጅማ ዞን ብዙ ሴቶች ልጆች ወደ ዓረብ አገሮች ለቤት ሠራተኛነት መሄዳቸው የታወቀ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ተጓዦች 8ኛ ክፍል እንዲያጠናቅቁና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዙ በመጠየቁ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለዚሁ ያሠለጥኑ ጀመር። ለወንድሟ ሥልጠና የሚዘጋጀው በአካባቢው እንዲቀር፣ ለእርሷ የሚዘጋጀው ከአካባቢው እንድትሄድ መሆኑን ያስተዋለ ዕቅድ አውጪ ስንት ይሆን?

ሁለተኛው ድክመት አሠልጣኞችና የሥልጠና ተቋማት በመጽሐፉ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለማግኘታቸው ነው። ጥናቱ በተካሄደበት ወቅት ከ10ኛ ክፍል በኋላ 10+1፣ 10+2 የሚባለው ሥልጠና በየከተማው እየተስፋፋ ነበር። ደራሲው የወጣቱን ቀን የተከታተሉትን ያህል የአሠልጣኙንም ቀን ቢከታተሉ ኖሮ የሚጠቅመን ብዙ ነገር ባገኘን። ይልቁንም ማጠቃለያቸው ወደ ገበያ መር የምጣኔ ሀብት ፖሊሲ ትችት ይወጣል። ትችቱ ስሕተት አይደለም፤ ለወረዳ ባለሙያ ግን ከእጁ የራቀ ነው።

ለወረዳ ባለሙያ የሚቀርበው ሌላ ጥያቄ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናን በሙያ ደረጃና በብቃት ምዘና ላይ መሠረተ። የትብብር ሥልጠና የሚባለው አሠራርም ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜውን በሥራ ቦታ እንዲያሳልፍ ያዛል። አሳቡ መልካም ነው። ትልልቅ ፋብሪካዎች በሌሉበት ከተማ ግን ሥራ ቦታ ማለት ጋራዥ፣ እንጨት ቤትና ልብስ ስፌት ቤት ማለት ነው። ጅማ በበርጩማዋና በእንጨት ሥራዋ የታወቀች፣ በቡናና በማር የተከበበች ከተማ ናት። አንድ ጠራቢ ወይም አንድ የጋራዥ ባለቤት ሁለት ሠልጣኞች ተቀብሎ ሲያስተምር እንጨቱ ይበላሽበታል፣ መሣሪያው ይሰበርበታል፣ ጊዜው ያልፍበታል፤ በምላሹ የሚያገኘው ከኮሌጁ የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ነው። በ2009 ዓ.ም. ለወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር ሲመደብ ትኩረቱ ለተደራጁ ወጣቶች በሚሰጥ ብድር ላይ ነበር። ከዚያ ጥቂቱ ለሚያስተምር ባለሙያ ካሳ ቢውል ኖሮ፣ ለብድር ሲባል ብቻ የተሰባሰቡና እርስ በርስ የማይተዋወቁ ማኅበርተኞች ከሚፈጥሩት የተሻለ ውጤት ይገኝ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ጎረቤት በስሙ የሚጠራውና የሚያከብረው ባለሙያ ዘንድ የሚማር ወጣት ሊስትሮ እንደ ሆነው አይታይም። የይሉኝታውም ጉዳይ ከእነ ብዙ ስብከቱ ግማሽ በግማሽ በዚሁ ይቃለላል።

የሪፖርት አቀራረባችንም መታየት አለበት። ይህን ያህል ተመዘገቡ፣ ይህን ያህል ሠለጠኑ፣ ይህን ያህል ተደራጁ ተብሎ ይቀርባል። የሜይንስ ጥናት ክብደት ያገኘው ደራሲው እነዚያኑ ወጣቶች ደጋግመው ስለ ጠየቁ ነው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ማን ሥራ ላይ እንዳለ፣ ማን ወደ መንገዱ ዳር እንደ ተመለሰ፣ ማን ከከተማው እንደ ጠፋ ያውቁ ነበር። ይህን ለማወቅ የውጭ አገር ምሁር አያስፈልግም። በየቀበሌው የወጣቱን ቤት የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ምናልባት ጡረታ የወጣ መምህር፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ደጁን አንኳኩቶ ቢጠይቅ በቂ ነው። ዛሬ በቀበሌው መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረ ወጣት ሥራ ቢያገኝ፣ ቢሰደድ ወይም ቢሞት ስሙን ከመዝገቡ የሚሰርዘው ሰው ማን እንደ ሆነ በሥራ ዝርዝሩ የተጻፈለት ባለሙያ እስካሁን አላጋጠመኝም።