ባለ ጊንጡ ጋራዥ

ጋራዥ ውስጥ የተሠራ ተአምር ካለ ይሄ ነው! የመኪና ባለሙያውን የካርሎ አባርትን ታሪክ ካገኘሁ ወዲህ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የማውቃቸውን መካኒኮች ሁሉ ሥራ አስፈትቻለሁ፤ ሳልነግራቸው ማለፍ አቃተኝ!

ሰይቼንቶን አስታወሳችኋት? ሞተሯን ከኋላ ይዛ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ አዲስ አበባ ላይ ታክሲ የነበረችውን ፊያት 600 ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ስትወጣ ጉልበቷ 22 ፈረስ ገደማ ነበር። አባርት ይህችኑ ምስኪን መኪና ቱሪን ከሚገኘው ጋራዡ አስገባት። ሲሊንደሩን አንድ ሚሊሜትር ብቻ አሰፋ፤ የፒስተኑን ምልልስ ከ56 ወደ 64 ሚሊሜትር አስረዘመ፤ ሰፋ ያለ ካርቡራተር አሰረላት፤ ማርሚታዋን ቀየረ። በቃ! 633 ሲሲ የነበረችው 747 ሆነች፤ ጉልበቷም ወደ እጥፍ ተጠጋ!

በተለይ ማርሚታው! የተቃጠለው ጭስ ቶሎ ካልወጣ አዲስ አየር አይገባም፤ ሞተሩ ይታፈናል። ይህን ጠንቅቆ ያወቀው አባርት ማርሚታ እየሠራ ለዓለም ሸጠ፤ የእሽቅድምድሙን ወጪም በዚያው ቻለ። በኋላ የመጡትን ባለ 1000 ሲሲ መኪኖቹን ፎቶ እዩልኝ፦ ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ የኋላ ኮፈናቸው እንደተከፈተ ይከንፋሉ!

ሰውየውስ! በ1908 ቪየና ተወለደ። በ1934 ባለ ሳይድካር ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ከኦስተንድ እስከ ቪየና ከኦሪየንት ኤክስፕረስ ባቡር ጋር ተሽቀዳደመ፤ ባቡሩንም ቀደመው! ከባድ አደጋ ከሞተር ብስክሌት ውድድር ቢያስወጣውም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በ1949 ቦሎኛ ላይ ድርጅቱን አቋቋመ፣ ከዚያ ወደ ቱሪን ዞረ። ኮከቡ አቅራብ ነውና ዓርማው ጊንጥ ሆነ።

በ1958 ያሰናዳት ትንሿ ፊያት 500 ሞንዛ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ላይ ሰባት ቀን ሙሉ፣ ቀንና ሌሊት ሮጠች፤ ከ18,000 ኪሎ ሜትር በላይ! ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም ከሃያ ጊዜ በላይ ደርሶ መልስ ማለት ነው፤ ያውም በአማካይ ከ100 በላይ እየነዱ! በ1965 ደግሞ አባርት ራሱ በጠባቧ የውድድር መኪና ውስጥ ለመግባት ፖም እየበላ 30 ኪሎ ቀነሰ፤ በ56 ዓመቱም የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰበረ! ፊያት በ1971 ድርጅቱን ገዛው፤ ጊንጡ ግን ዛሬም መኪና ላይ አለ።

የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ወጣት መካኒኮች፣ ይህ የእናንተ ታሪክ ነው። አባርት ይህን ተአምር የሠራው በርካሽ መኪና ነው፤ የቀየራት ደግሞ አስተውሎ መለካቱ ነው። ከቡሬ ወደ ነቀምት ዓባይን ወርዶ የሚወጣውን አይሱዙ በሕይወት የምታቆዩት እናንተ ናችሁ፤ ያው ሙያ ነው። ታሪኩን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ለረዳቶቻችሁም ንገሩ።