ተነቃዩ ኪቦርድና የፊደል ጣጣ

ኪቦርድ ያለው የታብሌት ከቨር ወደ ገዢው የሚመጣው ሁለት ተስፋ ተሸክሞ ነው። ሲገጠም ታብሌቱ ኮምፒዩተር ይሆናል፤ ሲነቀል ደግሞ ተመልሶ በእጅ የሚያዝ መጽሐፍ ይሆናል። ስለዚህ ዕቃ የሚጻፉ አስተያየቶች በአብዛኛው እነዚህን ተስፋዎች በእንግሊዝኛ ጸሐፊ ጣት የፈተኑ ናቸው። ቁልፎቹ ይመቻሉ ወይ? ማግኔቱ አጥብቆ ይይዛል ወይ? ጉልበት ላይ ሲያስቀምጡት ይቆማል ወይስ ይወድቃል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን በናይሮቢ፣ በካምፓላ ወይም በጅቡቲ ተቀምጦ በአማርኛ ለሚጽፍ፣ ይልቁንም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለሚተረጉም ሰው፣ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም ፊደሉ የት ነው ያለው የሚለው ነው።

የዕቃው ታሪክ ረጅም አይደለም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አፕል የመጀመሪያውን አይፓድ በ2010 ለገበያ ሲያቀርብ አብሮት የወጣው ኪቦርድ ታብሌቱን ቀጥ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ የሚያቆም ዕቃ ነበር፤ ከቦርሳ ጋር ፍቅር አልነበረውም። በ2011 አሱስ «ትራንስፎርመር» ብሎ ያወጣው ታብሌት በኪቦርዱ ሆድ ውስጥ ተጨማሪ ባትሪ ይዞ መጣ። መብራት መጥፋት የዕለት ገጠመኝ ለሆነበት ሰው ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ማግኘት ያስቸግራል፤ በኋላ የመጡት ቀጫጭን ከቨሮች ግን ቅጥነትን መርጠው ትተውታል። በ2012 ማይክሮሶፍት ሰርፌስን ከሁለት ዓይነት ከቨር ጋር አቀረበ። «ተች ከቨር» የተባለው ሦስት ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሲሆን ቁልፎቹ ከቶ አይንቀሳቀሱም፤ የጣትን ግፊት ብቻ ይለካሉ። «ታይፕ ከቨር» የተባለው ግን የሚወርዱና የሚመለሱ ቁልፎች ነበሩት። ሰርፌስ ፕሮ 3 በ2014 ሲወጣ አብሮት የታደሰው ታይፕ ከቨር ብቻ ነበር። ጣት የነካው ነገር መልስ እንዲሰጠው ይፈልጋል፤ ገበያውም የፈረደው በዚሁ ነው።

ከቨሩ ለተርጓሚ የሚሰጠው ጥቅም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በመስተዋቱ ላይ የሚወጣው ሰሌዳ የስክሪኑን ግማሽ የሚጠጋ ቦታ ይበላል። ተርጓሚ ደግሞ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ማየት አለበት፤ በአንድ ወገን ምንጩን፣ በሌላው ወገን የራሱን። አይፓድ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ፕሮግራም ማሠራት የጀመረው በ2015 ነው። ሆኖም ሰሌዳው ከታች ተንሰራፍቶ ሳለ ለሁለቱ ጽሑፎች የሚተርፋቸው ጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ረዘም ካለ መነሻው ከዓይን ይጠፋል። ኪቦርዱ ሲገጠም ያ የተነጠቀ ቦታ በሙሉ ይመለሳል። የአማርኛ ፊደል ጭረቱ ብዙ፣ ቅርጹ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ተለቅ አድርጎ ማንበብን ይጠይቃልና ይህ ቦታ ለአማርኛ አንባቢ ከሌላው ይበልጥ ዋጋ አለው። ለዚህ አንድ ጥቅም ብቻ ብሎ ከቨሩን የገዛ ሰው ተሞኘ አይባልም።

ችግሩ ከስክሪኑ ወረድ ብሎ ይጀምራል።

እንደሚታወቀው አማርኛ 33 መነሻ ፊደላት አሉት፤ እያንዳንዱ በሰባት ድምፅ ሲረባ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ገና ሳይቆጠሩ ነው። ከቨሩ ላይ ያሉት የላቲን ፊደላት 26 ናቸው። ይህን ክፍተት ለመሙላት የተለመደው መንገድ በድምፅ መጻፍ ነው፤ ጣት የላቲኑን ተነባቢና አናባቢ ይመታል፣ ፕሮግራሙ ፊደሉን ይሠራል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ቢሆንም አምስት ምት ይፈጃል፤ «ኢትዮጵያ» አምስት ፊደል ሆኖ ሰባት ምት ይወስዳል። ይህ ብቻ ቢሆን ልማድ ያሸንፈው ነበር። ነገር ግን 26ቱ ስለማይበቁ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ፣ ኘ እና ዠ በብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚገኙት በሺፍት ነው። እንግሊዝኛ ጸሐፊ ሺፍትን የሚነካው ዐረፍተ ነገር ሲጀምርና የሰው ስም ሲጽፍ ነው። አማርኛ ጸሐፊ ግን በቃል መካከል፣ በቃል መጨረሻ፣ አንዳንዴም በአንድ ቃል ውስጥ ደጋግሞ ይነካዋል። «ጫጩት» ሁለት ጊዜ ሺፍት ይፈልጋል፤ «ጠጣ»ም እንዲሁ። «ጣጣ» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ጊዜ ሺፍት ያስነካል ቢባል ቀልድ ይመስላል፣ ግን እውነት ነው። በዚህ ላይ አራት ነጥብ በብዙ ፕሮግራሞች የሚወጣው ሁለት ነጥብን ደጋግሞ በመምታት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ሲዘጋ ትንሿ ጣት አንድ ጊዜ ደግማ ወደ ሺፍት ትሄዳለች።

እንግዲህ ትንንሾቹን ከቨሮች በዚህ ዓይን መመልከት ነው። የአሥር ኢንች ታብሌትን ስፋት አልፎ መሄድ የማይችል ኪቦርድ ቦታ የሚቆጥበው ከጠርዞቹ ነው። የመካከሉ ፊደላት ስፋታቸውን ይዘው ይቀራሉ፤ የቀኙ ሺፍት፣ ሥርዓተ ነጥቦቹና የዳር ቁልፎች ግን ይጠባሉ። ለእንግሊዝኛ ይህ ብልህ ቁጠባ ነው፤ ብዙ የሚሠራውን ትቶ ጥቂት የሚሠራውን ማጥበብ። ለአማርኛ ግን የጠበበው እጅግ የሚሠራው ቁልፍ ሆኖ ይገኛል። ከግማሽ ቀን ሥራ በኋላ በጽሑፉ ውስጥ «ጠ» መሆን የነበረበት «ተ»፣ «ኛ» መሆን የነበረበት «ና» ሆኖ ሲገኝ ጥፋቱ የጸሐፊው ብቻ አይደለም። ስለ እነዚህ ትንንሽ ኪቦርዶች «ቶሎ ይለመዳል» የሚለው የተለመደ አስተያየት ሺፍትን እምብዛም ከማይነካ እጅ የመጣ መሆኑን አንባቢ ልብ ሊል ይገባል።

ከሺፍትም የሚብስ አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በዛሬው አማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። በድምፅ የሚጻፍ ኪቦርድ ላይ ከእያንዳንዱ ቡድን አንዱ በአንድ ምት ይወጣል፤ ሌሎቹ እንደ ፕሮግራሙ ዓይነት ቁልፉን ደግሞ መምታት ወይም ሌላ ምልክት መጨመር ይጠይቃሉ። «ሥራ»ን «ስራ»፣ «ዓለም»ን «አለም»፣ «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ማድረግ እንግዲህ የአስተያየት ልዩነት መሆኑ ቀርቶ የድካም ጉዳይ ይሆናል። ስለ ሞክሼ ፊደላት መቀነስና አለመቀነስ ምሁራን ብዙ ዘመን ተከራክረዋል፤ ሁለቱም ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት ነበራቸው። ኪቦርዱ ግን ክርክሩን አይሰማም። አንድ ምት ከሁለት ምት ይቀልላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። የመስተዋቱ ሰሌዳ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ጸሐፊው የፊደሉን ዘር በዓይኑ እያየ ይመርጣል፣ ሠም ከሰ አጠገብ ወይም ቁልፉ ተጭኖ ሲቆይ ብቅ ይላል። በመስተዋት ላይ መጻፍ ቀርፋፋ ነው፤ ቀርፋፋነቱ ግን ፊደሉን እንዲታይ ያደርገዋል።

የቀድሞው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና እዚህ ላይ ቢነሣ ያለ ቦታው አይሆንም። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን ከመኪና ጋር ለማስማማት የደከሙ ሰው ነበሩ፤ በኋላም ኦሊቬቲ የአማርኛ መኪናዎችን ሠርቷል። ያን ያህል ፊደል በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ስለማይቻል መነሻው ቅርጽ ለብቻ፣ ቅጥያው ለብቻ ይመታ ነበር፤ የሚወጣውም ፊደል አንዳንዴ እግሩ የተሰበረ፣ ቀለበቱ የተንጋደደ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ቅርጹ ሙሉ ሆኖ ይወጣል፤ ቁልፉ ላይ ግን የለም። በመኪናው ላይ ጣት የሚያርፈው በአማርኛ ፊደል ላይ ነበር፣ የተጎዳው ወረቀቱ ላይ ያለው ነበር። አሁን ወረቀቱ ያማረ ሆኖ ጣት የሚያርፈው በላቲን ላይ ነው። የትኛው ጉዳት ይከፋል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። በላቲኑ መንገድ ሳያልፍ በቀጥታ ፊደል የሚያስብ፣ እንግሊዝኛ እምብዛም የማያውቅ አዛውንት ጸሐፊ በድምፅ የሚጻፈውን ኪቦርድ ሊጠቀምበት አይችልም፤ የኦሊቬቲው መኪና ግን ለእርሱ ክፍት ነበር።

ወደ ዕቃዎቹ ስንመለስ ልዩነታቸው በዚህ ጉዳይ ላይ ሰፊ ነው። ሰርፌስ በዊንዶውስ ስለሚሠራ ተለጣፊው ኪቦርድ እንደ ማንኛውም የኮምፒዩተር ኪቦርድ ይታያል፤ በላዩ የተጫነ የአማርኛ ፕሮግራም ሁሉ ያለ ችግር ይሠራል፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መሻገርም የዊንዶውስን ቁልፍ ከስፔስ ጋር እንደ መንካት ቀላል ነው። በአይፓድ ላይ ግን ከውጭ የሚጫኑ የፊደል ሰሌዳዎች የሚሠሩት በመስተዋቱ ላይ ብቻ ነው፤ ከተገጠመው ኪቦርድ የሚመጣውን ምት አይቀበሉም። ለዓመታት በአንድ ፕሮግራም የሠለጠነ ጣት ከቨሩን በገጠመ ቅጽበት መሣሪያውን ይነጠቃል ማለት ነው። በአንድሮይድ ታብሌቶች ነገሩ እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። ስለዚህ ገዢ ወደ ሱቅ ሲሄድ የሚጽፍበትን ፕሮግራም በታብሌቱ ላይ ጭኖ ቢሄድና ከቨሩን ገጥሞ አንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ቢጽፍበት፣ ሻጩ ከሚነግረው ሁሉ የበለጠ ያውቃል። የጅቡቲ ነዋሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያይ፤ በፈረንሳይኛ አቀማመጥ የተቀረጸ ኪቦርድ ላይ የኤ እና የኪው ቦታ ከእንግሊዝኛው የተለዋወጠ ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛው ለለመደ ጣት «ቀ»ን ፍለጋ የሄደው «አ»ን ይዞ ይመለሳል።

ርካሾቹ የብሉቱዝ ከቨሮች የራሳቸው አመል አላቸው። ጥቂት ደቂቃ ሥራ ሲፈቱ ያንቀላፋሉ፤ ጸሐፊው ቃል ሲያማርጥ ቆይቶ ሲመለስ የመጀመሪያው ምት ኪቦርዱን ለመቀስቀስ ብቻ ይውላል። በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ይጎድላል። በአማርኛ ተነባቢው ጠፍቶ አናባቢው ብቻውን ስለሚቀር «ሙሉ» ሊጻፍ ታስቦ «ኡሉ» ይወጣል። ቃል አማርጦ መመለስ ደግሞ የተርጓሚ ዋና ሥራው ነው። በማግኔትና በብረት ነጥቦች ተጣብቀው ኃይላቸውን ከታብሌቱ የሚወስዱት ከዚህ ነጻ ናቸው፤ ቻርጀርም አይፈልጉም።

ዋጋቸው ግን ሌላ ነገር ነው። አፕል በ2020 ያወጣው ማጂክ ኪቦርድ ለ11 ኢንቹ አይፓድ ፕሮ 299 ዶላር ነበር፤ በዚያው ዓመት ርካሹ አይፓድ ራሱ 329 ዶላር ይሸጥ ነበር። ትልቁ ማጂክ ኪቦርድ ከታብሌቱ ጋር ሲመዘን 1.29 ኪሎ ከሚመዝነው የዚያ ዘመን ማክቡክ ኤር በለጥ ይላል። ላፕቶፕን ለመሸሽ ላፕቶፕ የሚያህል ሸክም መግዛት ምን ይባላል? ለቁልፎቹ ጥራት ግን ምስጋና ይገባዋል፤ በዚህ ማንም አይሟገትም። ቀደም ብሎ የመጣው፣ በጨርቅ የተሸፈነው ስማርት ኪቦርድ በአንጻሩ ምቱ አጭርና ደረቅ ነው፤ ነገር ግን ቁልፎቹ ተሸፍነው የተሠሩ በመሆናቸው አቧራ አይገባባቸውም፣ የፈሰሰ ማኪያቶም ቶሎ አይጎዳቸውም። የአማርኛ ፊደል የታተመበት ተለጣፊ ወረቀት ገዝቶ ቁልፎቹ ላይ ለመለጠፍ የሚያስብ ሰው ግን እዚህ ላይ ተስፋ ይቁረጥ፤ ጨርቁ አይዝለትም።

ጉልበት ላይ ማስቀመጥን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከኋላው እግር የሚዘረጋው የሰርፌስ ዓይነት ረጅም ጭን ይፈልጋል፤ በማታቱ ወንበር ላይ የሚሞክረው ሰው ለጎረቤቱ አስቀድሞ ይቅርታ ይጠይቅ።

የሚቀረው መነቀሉ ነው፤ ዕቃውም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። በሚገርም ሁኔታ ከቨሩ ለአማርኛ ጸሐፊ ዋጋውን የሚመልሰው በዚህ ሰዓት ነው። ወደ ኋላ ታጥፎ የሚያዝ ከሆነ ግን ይህን ያህል ደስ አይልም፤ የሰርፌሱ ቁልፎች ሲታጠፉ ሥራ ያቆማሉ እንጂ ጣት ስር መርመጥመጣቸውን አይተዉም። ሙሉ በሙሉ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ መተው ይሻላል። ታብሌቱ ያን ጊዜ ቀላል ነው፤ ረቂቁ እንደ ታተመ ገጽ ከፊት ይቆማል፤ ድምፅ አውጥቶ ለማንበብም ይመቻል። በኪቦርዱ ፍጥነት ያለፉት «ስራ»ዎችና «አለም»ዎች፣ ሺፍት የሳታቸው «ተ»ዎች በዚህ ንባብ ላይ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። እነርሱን ለማረም ከቨሩን መልሶ መግጠም አያስፈልግም፤ የመስተዋቱን ሰሌዳ ከፍቶ ሠን ከሰ ለይቶ መንካት ይበቃል።