የውሾችን የቆዳ ካንሰር በኤሌክትሮኬሞቴራፒ የማከም ሙያ

ብሊዮማይሲን የተባለው ፀረ ካንሰር መድኃኒት ወደ ሕዋስ ውስጥ ከገባ ዲኤንኤውን እየበጣጠሰ ሕዋሱን የሚገድል ብርቱ መድኃኒት ቢሆንም፣ የሕዋሱን ቅባታማ ሽፋን በራሱ ኃይል ማለፍ ግን እጅግ ይቸግረዋል። ኤሌክትሮኬሞቴራፒ ይህን ችግር የሚፈታው ዕጢው ባለበት ቦታ ላይ አጫጭርና ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ምቶችን በማሳረፍ ሲሆን፣ ምቶቹ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚቆዩ ደቃቅ ቀዳዳዎችን ስለሚከፍቱ መድኃኒቱ በነዚያ በኩል ይገባል። በዚህም መድኃኒቱ በአነስተኛ መጠን ሊሰጥ ችሏል፤ ምት ባልደረሰበት የሰውነት ክፍል ደግሞ ወደ ሕዋሳት የሚገባው በጥቂቱ ስለሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል።

ዘዴው በሰው ላይ መሞከሩ በመጀመሪያ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1991 ከፈረንሳይ፣ ቪልዡይፍ ከሚገኘው የጉስታቭ ሩሲ ተቋም፣ ሉዊስ ሚር ከተባሉት ተመራማሪና ከባልደረቦቻቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በስሎቬኒያ ልዩብልያና የሚገኙ የካንሰርና የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች፣ በጣሊያንም ያሉ የሙያ አጋሮቻቸው፣ ዘዴውን ለውሾችና ለድመቶች አስማምተው አስፋፍተውታል።

የኤሌክትሪኩ አሰጣጥ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። በተለመደው አሠራር እያንዳንዳቸው 100 ማይክሮ ሰከንድ የሚቆዩ 8 ምቶች የሚሰጡ ሲሆን፣ በሁለት ሳህን መሰል ኤሌክትሮዶች መካከል 8 ሚሊሜትር ርቀት ካለና በሴንቲሜትር 1300 ቮልት ከተፈለገ መሣሪያው 1040 ቮልት መስጠት አለበት። ሙያው ያለው ግን ከቁጥሩ ይልቅ ኤሌክትሮዱ በሚያርፍበት ስፍራ ላይ ነው፤ ፀጉሩ በደንብ ካልተላጨ ወይም በቆዳውና በብረቱ መካከል አስተላላፊው ጄል ካልተሟላ፣ የተሰላው ኃይል ዕጢው ላይ አይደርስም። የአንድ ጊዜ ምት የሚሸፍነው ጠባብ ስፍራ ብቻ በመሆኑ፣ ሐኪሙ ገበሬ ትልም በትልም እያስከተለ ያልታረሰ ቦታ እንዳይተው እንደሚጠነቀቅ ሁሉ፣ ዕጢውንና በዙሪያው ያለውን ጤናማ የሚመስል ሥጋ ጭምር ሳያቋርጥ መሸፈን ይኖርበታል፤ በሽታው ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚነሣው ከተዘለለችው ቦታ ነውና።

ቅደም ተከተሉም እንደ ቦታው ሁሉ ወሳኝ ነው። መድኃኒቱ በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ በዕጢው ውስጥ እስኪሰራጭ ጥቂት ደቂቃዎች ይጠበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በአውሮፓ ለሰው ሕክምና የወጣው የአሠራር መመሪያ ምቶቹ ከመርፌው 8 ደቂቃ በኋላ ተጀምረው በ28ኛው ደቂቃ እንዲያበቁ ያዝዝ ነበር። ምቱ የአካባቢውን ደም ሥሮች ስለሚያጠብብ፣ መድኃኒቱ ቀድሞ ከገባ በዕጢው ውስጥ እንዲቆይ ይረዳል፤ ምቱ ከቀደመ ግን ያው መጥበብ መድኃኒቱን ከውጭ ያስቀረዋል። ምቶቹ ጡንቻን በኃይል ስለሚያኮማትሩና ስለሚያምሙ ውሻው ሙሉ ማደንዘዣ ያስፈልገዋል።

ከመሣሪያው ይልቅ ትልቁ ጥበብ ሕክምናው ለየትኛው ውሻ እንደሚገባ መለየት ነው። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከነጤናማ ዙሪያው ሊወጣ የሚችል ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ይቀድማል፤ ኤሌክትሮኬሞቴራፒ ይበልጥ የሚጠቅመው እንደ ዐይን ቆብና የእግር ታችኛው ክፍል ባሉ፣ ተርፎ የሚቆረጥ ቆዳ በሌለባቸው ቦታዎች ላይ ነው። ከውሾች የቆዳ ካንሰር ዓይነቶች አንዱ የሆነው የማስት ሴል ዕጢ ሲነካ ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ሊለቅቅና እብጠት አልፎም የደም ግፊት መውረድ ሊያስከትል ስለሚችል፣ አስቀድሞ ፀረ ሂስታሚን መድኃኒት መስጠት ይገባል። ሕክምናው የሚሠራው በተነካው ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ንፍፊቶችና ሌሎች የውስጥ አካላት ሳይመረመሩ መጀመር የለበትም።

ከሕክምናው በኋላ ቦታው ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ቅርፊትም ይይዛል፤ ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ የውሻው ባለቤት ይህን ሂደት አስቀድሞ ካልተረዳ መዳኑን እንደ መባባስ ሊቆጥረው ይችላል። ቅሪት ከታየም ሕክምናውን መድገም ይቻላል። ከሁሉ በላይ ግን ትናንሽ ዕጢዎች ከትላልቆቹ በተሻለ ሁኔታ ይድናሉና፣ በውሻው ቆዳ ላይ አዲስ እብጠት የዳሰሰ ባለቤት እስኪያድግ ሳይጠብቅ ናሙና ያስወስድ፤ ሐኪሙም ነገሩን በዐይን ግምት አይለፈው።