ጉዱ ካሳን ማን ጠየቀው?

ከስማዳ ወይም ከእስቴ ዓባይን ስትሻገሩ የምታገኙት ጎጃም፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አገር ነው።

ወጣቶች፣ ጉዱ ካሳን የምትወዱት ለምላሱ ይመስለኛል። መኳንንቱን ሲዘልፍ በቤተ ሰብ፣ አንዳንዴም (እንተማመን) በጉባኤ ሽማግሌዎች ላይ የያዛችሁትን ቂም ይናገርላችኋል። እኔ ግን ንግግሩ ይረዝምብኛል፤ ደራሲው ቢያሳጥሩለት እወድ ነበር። ካሳ የሚልቅብኝ ሲቆጣ ሳይሆን ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ ሲቆምላቸው ነው። «ዕብድ» ተብሎ የተገለለው ሰው ለሁለት ወጣቶች ዘመድ ሆነ፤ መቃብሩም ከእነርሱ ጋር ሆነ። ኤልያስም ብቻዬን ቀረሁ ሲል ጌታ ኤልሳዕን እንዲቀባ ላከው።

በልቦለዱ ውስጥ ግን ካሳን ራሱን «አንተስ እንዴት ነህ?» የሚለው ጥቂት ነው። በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ከጉባኤ በኋላ ብቻውን የሚሄደውን ልጅ እያሰባችሁ እንደ ገና አንብቡት።