ጎመኑ ውሃ አይፈልግም

በጾም ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ሞጣ ያለችው ትንሿ ምግብ ቤቴ ጢም ብላ ትሞላለች። ከቅዳሴ የወጣው፣ ከመሥሪያ ቤት የመጣው፣ ጤፉን ሸጦ ወደ ገጠር የሚመለሰው፣ ሁሉም እህል ሳይቀምስ የዋለ ሰው ነው። ሽሮ የሚያዝ አለ፣ ምስር የሚያዝ አለ። ብዙው ግን ገና ወንበር ሳይስብ «ፓስታ በጎመን አለ?» ይላል።

አለ። ይቺን ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። ከማቀርበው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፤ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የኑግ ዘይትና ፓስታ። እኔ ግን ከቤቴ ምግብ ሁሉ አብዝቼ የምጠነቀቀው ለእሱ ነው። የዶሮ ወጥ ላይ ትንሽ ብሳሳት ቅቤውና በርበሬው ይሸፍኑልኛል። ጎመን ላይ የሚሸፍንልኝ የለም።

ይህን ምግብ የተማርኩት ቢቸና ነው፣ ቀለም በተማርኩበት ከተማ። ቤታችን ከቢቸና የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነበር። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቴ የጋገረችውን እንጀራ፣ ድርቆሹን፣ ሽሮውንና በርበሬውን ተሸክሜ እገባለሁ። ስንቅ ተሸክሞ የተማረ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል። እስከ ረቡዕ እንጀራው ደኅና ነው፤ ሐሙስ ሻጋታ ይጀምረዋል፤ ዐርብ የለም። አንዲት ክፍል ተከራይተን የምንኖር አራት ልጆች ነበርን። ሐሙስ ማታ ያለችንን ሳንቲም አዋጥተን አንድ ጥቅል ጎመንና አንድ እሽግ ፓስታ እንገዛለን።

የመጀመሪያ ቀን የሠራሁት ትዝ ይለኛል። ጎመኑን ከትፌ ድስት ውስጥ ጨመርኩት፣ ውሃ ሞላሁበት፣ ከደንኩት። ፓስታውንም እዚያው ላይ ከተትኩት። ሲወጣ ጎመኑ ግራጫ ሆኖ ይሸታል፣ ፓስታው ገንፎ ሆኗል። በልተነዋል፣ የሚጣል እህል አልነበረንም። የቤቱ ባለቤት ግን ሽታው ጓሮ ድረስ ጠርቷቸው መጡ። እማማ ነበር የምንላቸው። ድስቱን ከፍተው አዩና፦

«አንተ ልጅ፣ ይኸ ጎመን ምን በድሎህ ነው በውሃ ያሰጠምከው?» አሉኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ቢላዋውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው አሳዩኝ። ያን ዕለት የነገሩኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጎመኑ ውሃ አይፈልግም፣ የራሱ አለው።» እውነት ነው። ጥቅል ጎመን ከመቶው እጅ ዘጠና ሁለት ገደማው ውሃ ነው። ውሃ የሚጨምርበት ሰው በውሃ ላይ ውሃ እየጨመረ ነው፤ ጎመኑ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ነገር ሁሉ ወጥቶ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ጥበቡ የራሱን ውሃ አውጥቶ፣ በዚያው በራሱ ውሃ ማብሰልና መልሶ ማድረቅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጎመኑን ስገዛ ቁመናውን ሳይሆን ክብደቱን አያለሁ። ሁለት እኩል የሚመስሉ አንሥቼ እጄ ላይ የከበደውን እወስዳለሁ፣ ጫን ስለው የሚንጫጫውን። ለአራት ሰው አንድ ኪሎ ያህል ይበቃል። በአራት ከፍዬ መሃሉ ላይ ያለውን ጠንካራ ግንድ አወጣለሁ፤ አልጥለውም፣ አድቅቄ ከሽንኩርቱ ጋር እጨምረዋለሁ። ቅጠሉን በትንሽ ጣት ውፍረት እከትፋለሁ። በጣም ያደቀቁት ጎመን ቀልጦ ይጠፋል፣ የሚታኘክ ነገር አይተርፍም።

ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት አቁላላለሁ። ከዚያ የኑግ ዘይት፣ አንድ የቡና ስኒ። ኑግ የጎጃም ዘይት ነው፤ ከመጭመቂያው ሲመጣ ሽታው ጠንካራ ነው፣ ፋጉሎው ለከብት ይሄዳል። ጥሬውን የጨመረበት ሰው ምግቡ በሙሉ ኑግ ኑግ ይለዋል። ስለዚህ ለብቻው በትንሽ መጥበሻ አግዬ፣ የጥሬ ሽታው ሲለቀው ነው ሽንኩርቱ ላይ የማፈሰው። የሚረጋውን የፓልም ዘይት የሚጠቀሙ አሉ፤ እኔ ለዚህ ምግብ አልወደውም፣ ሲበርድ ፓስታው ላይ ሰም ይሆናል።

ከዚያ ጎመኑ በሦስት ዙር ይገባል፤ አንዱ ጠውለግ ሲል ሌላው። ጨው ወዲያው እጨምራለሁ፣ ውሃውን ከቅጠሉ የሚያወጣው ጨው ነውና። እሳቱ መጀመሪያ ጠንካራ ነው። ዐሥር ደቂቃ ከድኜ እተወዋለሁ። ስከፍተው ከሥር ውሃ ቋጥሯል፣ አንድ ጠብታ ሳልጨምርበት። ከዚህ በኋላ ክዳኑ አይመለስም። ጎመን ለረጅም ጊዜ ተከድኖ ሲበስል ያ ሰው የሚጠላው ሽታ መውጫ አጥቶ እዚያው ይታፈናል። ከሰሉን በተን አድርጌ እሳቱን አበርዳለሁ፣ ማማሰያውን ይዤ እቆማለሁ።

ይህን ጊዜ ጆሮ ነው የሚሠራው። ውሃው እስካለ ድረስ ድስቱ በወፍራም ድምፅ ይንተከተካል። ውሃው እያለቀ ሲሄድ ድምፁ ይቀጥናል፣ ከዚያ ዘይቱ ብቻ ሲቀር ጭስስ ማለት ይጀምራል። እማማ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና ድስቱን ሳያዩ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት እየላጡ፣ «በል አሁን አማስለው» ይሉኝ ነበር። ተሳስተው አያውቁም። ጭስስ ሲል የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ መሆን ይጀምራል፣ ሽታው ከጎመን ሽታ ወደ ተጠበሰ ሽንኩርት ሽታ ይለወጣል። ያኔ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ እርድ የሚወድ ካለ እርድ በሻይ ማንኪያ ጫፍ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አርባ ደቂቃ ይወስዳል። አፉ ድረስ የሞላው ድስት ከግማሽ በታች ወርዷል። ደንበኛ ተርቦ ሲጠብቅ አርባ ደቂቃ ረጅም ነው፤ ስለዚህ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የምጥደው።

አሁን ፓስታው። እዚህ ላይ የሞጣና የቢቸና ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለ፣ እኔም የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ የፊዚክስ መምህር ደንበኛዬ ነግሮኝ ነው ያወቅሁት። ማሸጊያው ላይ «ከ8 እስከ 10 ደቂቃ» ተብሎ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ አይሞቅም፣ የፈለግነውን ያህል ከሰል ብንጨምር። ባቄላና ሽንብራ ደጋ ላይ አልበስል ብሎ የሚያስቸግረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የጮቄ ተራራ ግርጌ ሰው ይህን በማገዶው ያውቀዋል። የእኔ ፓስታ ከ12 እስከ 13 ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ዘለላ አውጥቼ እሰብራለሁ፤ መሃሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ስትቀር አወጣዋለሁ። የቀረውን ብስለት የሚያገኘው ጎመኑ ውስጥ ነው።

የተቀቀለበትን ውሃ ሁሉንም አልደፋም። አንድ ጭልፋ አስቀራለሁ። ውሃ አይፈልግም ያልኩት ጎመኑ ሲበስል ነው፤ መጨረሻ ላይ የምትገባው ይቺ ጭልፋ ግን ከፓስታው የወጣ ዱቄት ስላለባት ዘይቱንና ጎመኑን ከፓስታው ጋር ታጣብቃለች። ሁለት ደቂቃ አብሬ አማስላለሁ፣ ቁንዶ በርበሬ እነሰንስበታለሁ፣ አወርዳለሁ። ሳልሳ አልጨምርም። ቲማቲም ያለበትን ለሚፈልግ ፓስታ በስጎ አለ፣ እሱ ሌላ ምግብ ነው።

ስጎ፣ ሳልሳ፣ መኮሮኒ፣ ፓስታ፤ ቃላቱ የጣሊያን ናቸው። አርበኛው በላይ ዘለቀ አምስቱን ዓመት ጣሊያንን ሲዋጋ የኖረው በዚሁ በቢቸና በኩል ነው፤ እማማ ይህን ከአባታቸው ሲሰሙ ያደጉ ሴት ነበሩ። ፓስታውን ግን «የጠላት ምግብ» ሲሉት አልሰማሁም። በእንጀራ ነበር የሚበሉት። አሁንም ከደንበኞቼ ብዙው በእንጀራ ነው የሚጠይቀኝ፣ አቀርባለሁ። ሹካ አንሥቶ «ፓስታ በእንጀራ?» ብሎ የተገረመ የሩቅ እንግዳ አጋጥሞኛል። አንድ ጉርሻ አጎረስኩት። የእንጀራው ኮምጣጣነት የጎመኑን ጣፋጭነት ያነሣዋል፤ ሎሚ የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው። እንግዳዬ እንጀራ አስጨምሮ በላ። ደግሞስ ፓስታ የሚሠራበት ዱረም ስንዴ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲዞር ከገረሙት ነገሮች አንዱ የዚህ ስንዴ ዝርያ ብዛት ነበር።

አሜሪካ፣ ፒትስበርግ የምትኖር የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ደውላ፣ «አጎቴ፣ ያንተን ምግብ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሲሸጡት አየሁት» አለችኝ። ሀሉሽኪ ይሉታል። ከስሎቫኪያና ከፖላንድ አካባቢ ለከሰል ማዕድንና ለብረት ፋብሪካ ሥራ የሄዱ ሰዎች ይዘውት የገቡት ነው፤ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ቅቤና ፓስታ። በእነሱ ዐቢይ ጾም፣ ዐርብ ዐርብ፣ ሥጋ በማይበሉበት ቀን ይሸጡታል። ሃንጋሪዎችም አላቸው፤ እነሱ ጎመኑን በትንሽ ስኳር ቡናማ እስኪሆን ጠብሰው ቁንዶ በርበሬ ያበዙበታል። ቁንዶ በርበሬውን ከእነሱ ነው የወሰድኩት። ስኳሩ አያስፈልግም፤ አርባ ደቂቃ የታገሠ ሰው ስኳሩን ከጎመኑ ያገኘዋል። የጾም ቀን፣ ርካሽ ጎመን፣ የደከመ ሠራተኛ፣ እዚያም እዚህም አንድ ድስት ላይ መገናኘታቸው ያን ቀን ደስ አሰኝቶኝ ዋለ። በፍስክ ቀን እኔም በዘይቱ ፈንታ ለጋ ቅቤ አደርግበታለሁ።

በእኛ ዘንድ ጎመን ክብር የለውም። ክረምት ሲገባ፣ ጎተራው ሲጎድል፣ ሰው ወደ ጎመን ይዞራል፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ተብሎ ይሸኛል። አልፈርድበትም፣ የራብ ወር ጎመን ምን እንደሆነ እናቴ ታውቀዋለች። ግን የቢቸናና የየትመን ማኛ ጤፍ ዋጋው ለአብቃዩም ለሸማቹም በከበደበት በዚህ ዘመን፣ ብዙ ቤት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጎመንና ፓስታ እየበላ ነው። እየተከዘ ከሚበላው በደንብ ሠርቶት ቢበላው እመርጣለሁ። የከተማችን ተማሪዎች ዛሬም ስንቃቸው ሐሙስ ያልቃል። ክፍላቸውን አልፌ ስሄድ ያ የማውቀው ሽታ፣ የታፈነ የጎመን ሽታ፣ በበሩ ሥር ይወጣል። አንኳኩቼ የገባሁበት ቀን ብዙ ነው። «አጎቴ፣ ኧረ ግቡ» ይሉኛል፤ ክዳኑን አነሣለሁ።

ኪራይ ቤት ያላችሁ ልጆች፣ ልጅ ወደ ከተማ የላካችሁ እናቶችም፦ ዛሬ ማታ ጎመን ስትጥዱ የውሃውን ጆግ ከምድጃው አርቁት። ጨው ጣል አድርጉበት፣ ዐሥር ደቂቃ ከድኑት፣ ከዚያ ክዳኑን አንሡና ድምፁ እስኪለወጥ ድረስ አጠገቡ ቁሙ።